ሽቦ ላይ የተያዘው ዛር

ስለ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የተጻፉ መጻሕፍት አብዛኞቹ ታሪኩን ከፓሪስ ይጀምሩታል። ፒየር ሼፈር የተባለ የፈረንሳይ ሬዲዮ መሐንዲስ በ1948 የባቡር ፉጨትና ኳኳታ ቀድቶ፣ ድምፁን እየቆራረጠና እየደጋገመ በኖታ ያልተጻፈ፣ በሙዚቃ መሣሪያም ያልተመታ ሙዚቃ ሠራ። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሼፈር ትልቅ ሰው ነው፤ ክብሩን የምነፍግበት ምክንያት የለኝም። ሆኖም ከእሱ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1944፣ አንድ የግብርና ተማሪ ካይሮ ውስጥ ይህንኑ ሥራ ሠርቶ ነበር። ተማሪው የቀዳው ባቡር አልነበረም። የቀዳው ዛር ነበር።

ሐሊም ኤል-ዳብ ይባላል። በ1921 ካይሮ ውስጥ ከኮፕት ክርስቲያን ቤተሰብ ተወለደ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ፒያኖም ከበሮም ይጫወት ነበር። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለ ከተማው በንጉሥ ፉአድ ጥሪ የተሰበሰበ ትልቅ የአረብ ሙዚቃ ጉባኤ አስተናግዷል። የሙዚቃ ደራሲዎቹ ባርቶክና ሂንደሚት ከአውሮፓ መጥተው የተቀመጡበት፣ የአረብ አገራት ቡድኖችም ሙዚቃቸውን ሸክላ ላይ ያስቀረጹበት ጉባኤ ነበር። ኤል-ዳብ ግን በሙያው ሙዚቀኛ ለመሆን አልተማረም። ዛሬ ካይሮ ዩኒቨርሲቲ በምንለው በቀዳማዊ ፉአድ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ምህንድስና አጥንቶ በ1945 ተመረቀ፤ ከዚያም በግብርና አማካሪነት ገጠሩን እየዞረ የየመንደሩን ዘፈን ሰማ። ገና ተማሪ ሳለ ነው እንግዲህ፣ ከመካከለኛው ምሥራቅ ሬዲዮ የሽቦ መቅጃ ተውሶ፣ ከአንድ ጓደኛው ጋር እንደ ሴት ተከናንቦ፣ ሴቶች ብቻ ወደሚሰበሰቡበት የዛር ሥነ ሥርዓት የገባው።

የኤል-ዳብን ሥራ ለመረዳት ከማሽኑ በፊት ዛሩን መረዳት ያስፈልጋል። ለዚህ ደግሞ ከካይሮ ወደ ጎንደር መሄድ አለብን።

ያ የካይሮ የሙዚቃ ጉባኤ በተደረገበት በዚያው በ1932፣ ሚሼል ሌሪስ የተባለ ፈረንሳዊ ጸሐፊ ጎንደር ላይ ደብተሩን ይዞ ዛር ቤት ይውል ነበር። የመጣው ማርሴል ግሪዮል ከሚመራው፣ ከዳካር ተነሥቶ አፍሪካን አቋርጦ እስከ ጅቡቲ ከተጓዘው የምርምር ጓድ ጋር ነው። በአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ አስተርጓሚነት ወይዘሮ መልካም አየሁ ከተባሉ ባለዛርና ከልጃቸው ከእማዋይሽ ጋር ለወራት ተቀምጦ ያየውን ጻፈ። እያንዳንዱ ዛር የራሱ ስም፣ የራሱ ፉከራ፣ የራሱ አለባበስና ጉሪ የሚባል የራሱ ጭፈራ እንዳለው አስተዋለ። አንዱ እንደ ጦረኛ ይፎክራል፣ ሌላው እንደ እመቤት ይኩራራል፤ በፈረሱ፣ ማለትም ዛሩ በሚያድርበት ሰው ላይ፣ የወረደው ማን እንደሆነ ተሰብሳቢው የሚያውቀው ከፉከራውና ከእንቅስቃሴው ነው። ሌሪስ ይህን ሁሉ አሰላስሎ በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በጎንደር ዛር ውስጥ ያለውን የቴአትር ገጽታ ለብቻው አወጣና ሁለት ዓይነት ቴአትር እንዳለ ጻፈ፤ አንደኛው የሚጫወቱት፣ ሁለተኛው የሚኖሩት። ዛር ከሁለተኛው ወገን ነው። የዛር ፈረስ የሆነች ሴት የምትሠራውን ከማንም በላይ የምታምነው ራሷ ናት።

ዛር ወደ ግብፅ የገባው በ19ኛው መቶ ዘመን ከኢትዮጵያና ከሱዳን በተለይም በባርነት ከተወሰዱ ሴቶች ጋር እንደሆነ ብዙ አጥኚዎች ይናገራሉ። መንፈስ ነው ወይስ ሕመም፣ ኃጢአት ነው ወይስ መድኃኒት የሚለው ክርክር የሃይማኖት አባቶችና የሐኪሞች ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም። ለዚህ ምዕራፍ የሚያስፈልገን አንድ ነገር ነው፤ በዛር ውስጥ ከበሮው፣ ዘፈኑ፣ ልብሱ፣ ጭፈራውና ፈውስ ፍለጋው አንድ ላይ ናቸው። ማንም ሰው ለየብቻ አምጥቶ አልገጣጠማቸውም። ሳይንስን፣ የሙከራ ሙዚቃንና ቴአትርን አዋሐዱ ስለሚባሉ አርቲስቶች ሲነገር፣ ሦስት ተለያይተው የኖሩ ነገሮችን ያገናኙ ተደርጎ ይቀርባል። ሥራቸውን ስመረምር የማየው ሌላ ነው። መቅጃ መሣሪያው ሲመጣ ድምፅን ከአካሉ ነጠለው፤ እነዚህ አርቲስቶች ደግሞ ለተነጠለው ድምፅ አካል ሲፈልጉ ኖሩ። ነገሩ የጀመረው ያኔ ካይሮ ውስጥ ነው።

የሽቦ መቅጃ ዛሬ ብዙ ሰው አያውቀውም። ዴንማርካዊው ቫልዴማር ፖልሰን በ1898 የፈለሰፈው መሣሪያ ሲሆን፣ ከፀጉር ብዙም የማይወፍር የብረት ሽቦ ከአንዱ እንዝርት ወደ ሌላው እየተጠመጠመ በአንዲት ኤሌክትሮማግኔት ፊት ያልፋል። ማይክሮፎኑ የያዘው ድምፅ ወደ ኤሌክትሪክ፣ ኤሌክትሪኩ ወደ ማግኔት ይለወጥና በሽቦው ርዝመት ሁሉ እየበረታና እየደከመ የሚሄድ የማግኔት ዱካ ይቀራል። ሽቦው እንደገና በዚያው ፍጥነት ሲያልፍ ዱካው ተመልሶ ድምፅ ይሆናል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሰፊው በተሸጡት መቅጃዎች ሽቦው በሰከንድ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጓዝ ስለነበር የአንድ ሰዓት ቅጂ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ሽቦ ይፈጅ ነበር። ሸክላ ላይ የተቀረጸ ድምፅ አይፋቅም፣ አይለወጥም። ሽቦው ግን ይፋቃል፣ እንደገና ይቀዳበታል፣ ይቆረጣል፣ ይቋጠራል። በድምፅ ላይ መሥራት የሚቻለውም እንዲህ ያለ ነገር ሲገኝ ነው።

ኤል-ዳብ የቀዳውን ይዞ ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ተመለሰና ስቱዲዮው ውስጥ መሥራት ጀመረ። ጣቢያው ግድግዳቸው የሚንቀሳቀስ ክፍሎችና የማስተጋቢያ ክፍል ነበረው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ግድግዳው 17 ሜትር ቢርቅ ድምፁ ሄዶ ለመመለስ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ይወስድበታል። በዚያች ቅጽበት ውስጥ የሴቶቹ ዘፈን በራሱ ጥላ ላይ ይደረባል። ግድግዳውን ማቅረብና ማራቅ ማለት ያንን መደራረብ ማጥበብና ማስፋት ነው። ኤል-ዳብ እየቀዳ፣ የቀዳውን በክፍሉ ውስጥ እያሰማ፣ የተሰማውን መልሶ እየቀዳ፣ የኤሌክትሪክ ኃይሉንም ከፍና ዝቅ እያደረገ ሄደ።

ከዚህ ሁሉ የምደነቅበት ግን ቀጥሎ ያደረገው ነው። ከድምፁ ውስጥ መሠረታዊውን ድምፅ አውጥቶ ተጓዳኞቹን አስቀረ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በገና የሰማ ሰው ቶሎ ይገባዋል። አንድ አውታር በሰከንድ 100 ጊዜ ሲርገበገብ የምንሰማው የ100 ሄርዝ ድምፅ ብቻ አይደለም። አውታሩ በዚያው ቅጽበት በግማሹ፣ በሲሶውና በሩቡ እየተከፈለ በ200፣ በ300፣ በ400 ሄርዝም ይርገበገባል። የበገና ባለሙያዎች በአውታሩና በብርኩማው መካከል እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ያስገባሉ። አውታሩ እንዚራዋን እየነካካ ሲርገበገብ እነዚያ ከፍተኛ ተጓዳኝ ድምፆች ይበረታሉ፤ ያ ደረት ውስጥ የሚገባው የበገና እዝታ የሚመጣው ከዚህ ነው። የኛ ደርዳሪዎች እንዚራን ሲያስተካክሉ ኤል-ዳብ በኤሌክትሪክ የነካውን ያንኑ ነገር በቆዳ እየነኩ ነው። እነሱ ተጓዳኞቹን ያጎላሉ፤ እሱ ደግሞ መሠረቱን ነቅሎ ተጓዳኞቹን ብቻቸውን አቆማቸው።

መሠረቱ ሲወጣ ጆሮ አንድ እንግዳ ሥራ ይሠራል። የድሮው የስልክ መስመር የሚያስተላልፈው ከ300 እስከ 3400 ሄርዝ ያለውን ብቻ ሲሆን የጎልማሳ ወንድ መሠረታዊ ድምፅ ደግሞ ከ100 ሄርዝ ብዙም አይርቅም። ያ ድምፅ በስልኩ ውስጥ ጭራሽ የለም ማለት ነው፤ ሆኖም አባታችን ሲደውልልን የሕፃን ድምፅ አንሰማም። ከተጓዳኞቹ ተነሥቶ የጎደለውን መሠረት የሚተካው የእኛው አእምሮ ነው። የኤል-ዳብን የዛር ቅጂ የሚሰማ ሰው ጆሮም እንዲሁ የሌለውን ሰው ይፈልጋል። ሴቶቹ አሉ፣ ግን ከየት እንደሚዘፍኑ አይታወቅም። ቃላቸው ሟሙቷል፣ ድምፃቸው እንደ ጉም ተንሳፍፏል።

ሥራው «የዛር መግለጫ» እንደማለት ያለ የአረብኛ ርእስ ተሰጥቶት በዚያው በ1944 ካይሮ ውስጥ በአንድ የሥዕል ማሳያ አዳራሽ ለሕዝብ ተሰማ። ሃያ ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚወስድ ነበር። ዛሬ በሲዲ ታትሞ የምናገኘው ሁለት ደቂቃ ያህሉን ነው፤ ይህም ለዓለም የደረሰው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በ2000 ገደማ ነው። የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊዎች ካይሮን ዘለው ፓሪስ ላይ የቆሙበት አንዱ ምክንያት ይኸው የሥራው ተደብቆ መቆየት ነው። አሁን ግን ቅጂው ስላለ ምክንያቱም የለም።

ያንን አዳራሽ እናስበው። ግድግዳው ላይ ሥዕል፣ ወንበር ላይ የከተማ ሰው። ከማጉያው ዛር ይወጣል፤ ፈረሱ ግን የለችም። ከበሮ መቺዋ የለችም፣ ልብሱና ዕጣኑም የለም። የሚኖሩት ቴአትር ወደ ድምፅ ብቻ ተለወጠ። ኤል-ዳብ የዛርን ውስጠኛ ድምፅ ፍለጋ እንደሄደ ሲናገር ኖሯል፤ አግኝቶታልም። ያገኘው ግን አካሉን ትቶ ነው። ከዚያ በኋላ የሠራውን ሁሉ ስከታተል ያንን አካል መልሶ የሚፈልግ ሰው ሥራ ሆኖ ይታየኛል።

በ1950 በፉልብራይት ድጋፍ አሜሪካ ሄደ። ከሙዚቃ ደራሲው ከአሮን ኮፕላንድ፣ ብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ደግሞ ከአርቪንግ ፋይን ተማረ። በ1958 የዘመናዊ ዳንስ እናት የምትባለው ማርታ ግራሃም «ክላይተምኔስትራ» የተሰኘውን ትልቁን ሥራዋን ስታዘጋጅ ሙዚቃውን እንዲሠራ የመረጠችው እሱን ነው። ክላይተምኔስትራ በግሪኮቹ ትራጄዲ ባሏን አጋሜምኖንን የገደለች ንግሥት ናት፤ ግራሃም በስድሳ ሦስት ዓመቷ ራሷ ተጫወተቻት። ሌሪስ የጎንደርን ዛር እንደ ቴአትር የተነተነበት መጽሐፍ የወጣውም በዚያው ዓመት ነው። ሁለቱ ሰዎች ተገናኝተው ያውቁ ነበር የምልበት ማስረጃ የለኝም፤ ግን በአንድ ዘመን አንዱ በቀለም፣ ሌላው በድምፅ አንድ ነገር ይፈልጉ ነበር፤ ሙዚቃ የሰውን አካል ሲይዘው የሚሆነውን።

ከዚያ ኤል-ዳብ ኒው ዮርክ ወደሚገኘው የኮሎምቢያ-ፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ገባ። በዚያ ማዕከል አርሲኤ የተባለው ኩባንያ የሠራው፣ ግድግዳ የሚሞላ ማርክ ሁለት የተሰኘ የድምፅ መፍጠሪያ ማሽን ነበር። ትእዛዝ የሚሰጡት ወረቀት በስቶ በማስገባት ነው። የሙዚቃ ደራሲው ሚልተን ባቢት በዚህ ማሽን የእያንዳንዱን ድምፅ ከፍታ፣ ርዝመትና ጉልበት በስሌት ወስኖ ይሠራ ነበር። የባቢትን ትጋት አከብራለሁ፤ ሆኖም ሙዚቃው ሰው የሌለበት ቤት ይመስለኛል። ኤል-ዳብ በ1959 እዚያው ተቀምጦ «ለይላና ገጣሚው» የተባለ የኤሌክትሮኒክ ድራማ ሠራ። መነሻው አረቦችና ፋርሶች ለዘመናት ሲተርኩት የኖሩት የለይላና የመጅኑን ፍቅር ነው። በቴፕ ላይ የሰው ድምፅ ይፈጥናል፣ ይዘገያል፣ ይሰበራል፤ ዋሽንትና ከበሮ ከኤሌክትሮኒክ ድምፅ ጋር ይጋጫሉ። ተዋናይ አይታይም፣ ድራማው ግን አለ። በ1964 ማዕከሉ ሥራዎቹን በሸክላ ሲያሳትም ይህም አብሮ ወጣ፤ ለወጣት ሙዚቀኞችም ሌላ መንገድ አሳየ።

ሆኖም የቴፕ ሙዚቃ ኮንሰርት ላይ ሲቀርብ አንድ ችግር አለበት። ሰው ለብሶ፣ ገንዘብ ከፍሎ፣ አዳራሽ ይገባል፤ መጋረጃው ሲከፈት መድረኩ ላይ ሁለት ማጉያዎች ቆመዋል። ሲያልቅ ለማን ነው የሚያጨበጭበው? ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች ሁለቱን ለየት አድርጌ አያቸዋለሁ።

የመጀመሪያው የሙዚቃ ደራሲው የአልቪን ሉሲየር ነው። ሉሲየር ያስተምር የነበረው ኤል-ዳብ በተማረበት በብራንዳይስ ነበር። ኤድመንድ ዴዋን የተባለ፣ ለአሜሪካ አየር ኃይል ምርምር የሚሠራ የፊዚክስ ሊቅ የአእምሮን የኤሌክትሪክ ሞገድ ያጠና ነበር፤ መሣሪያውን ለሉሲየር አዋሰው። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሐሳቡን አሳርፎ ሲቀመጥ ከራስ ቅሉ ላይ አልፋ የሚባል ሞገድ ይለካል፤ በሰከንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ያህል የሚርገበገብ፣ በቮልት ሚሊዮኛ ክፍልፋይ የሚቆጠር ደካማ ሞገድ ነው። የሰው ጆሮ ከ20 ሄርዝ በታች ያለውን ድምፅ አይሰማም፤ ሞገዱን እልፍ ጊዜ ቢያጎሉት እንኳ ለጆሮ ዝምታ ነው። ሉሲየር ይህንን እንቅፋት መላ አደረገው። ማጉያዎቹን ከበሮዎች ሥርና ጎን፣ ጎንጎች አጠገብ፣ ቆርቆሮ ላይ አስቀመጠ። የማይሰማው ሞገድ የማጉያውን ሸራ ይገፋል፣ ሸራው አየሩን፣ አየሩ ከበሮውን። ማንም ሳይነካው ከበሮው መመታት ይጀምራል።

በግንቦት 1965 በብራንዳይስ የሮዝ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሥራው ሲቀርብ ሉሲየር ሕዝብ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ጭንቅላቱ ላይ ኤሌክትሮዶች ተለጠፉ፤ የሙዚቃ ደራሲው ጆን ኬጅ ማጉያዎቹን በመቆጣጠር ረዳው። ከዚያ ሉሲየር ዓይኑን ጨፈነ። ያ ነው ትወናው። ዓይኑን ከገለጠ፣ ከተጨነቀ ወይም ስለ ተመልካቹ ካሰበ አልፋው ይጠፋል፣ ከበሮዎቹም ጸጥ ይላሉ። ሰው በተሰበሰበበት መድረክ ላይ በእውነት ማረፍ እንጂ ያረፉ መምሰል አይሠራም፤ መሣሪያው ማስመሰልን አይቀበልም። ሌሪስ የሚኖሩት ቴአትር ያለው እዚህ በላቦራቶሪ ዕቃ ተመልሶ መጣ። በዛር ከበሮው ከውጭ እየተመታ ወደ ሰውነት ይገባል፤ በሉሲየር ሥራ ደግሞ ከሰውነት ውስጥ የወጣው ምት ከበሮውን ይመታል። ሉሲየር ዛርን አስቦ ሠራው እያልኩ አይደለም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ግን በሁለቱም ከበሮው የሚመሰክረው በሰው ውስጥ ስላለ፣ በፈቃድ ስለማይታዘዝ ነገር ነው።

ሁለተኛው መልስ በጥቅምት 1966 ኒው ዮርክ ውስጥ «ዘጠኝ ምሽቶች፦ ቴአትርና ምህንድስና» በሚል ስም ቀረበ። ቢሊ ክሉቨር የተባለ የቤል ላቦራቶሪ መሐንዲስና ሠዓሊው ሮበርት ራውሸንበርግ አሥር አርቲስቶችን ከሠላሳ ያህል መሐንዲሶች ጋር አጣመሩ፤ የ69ኛውን ሬጅመንት ሰፊ አዳራሽ ያዙ፤ አሥር ሺህ ያህል ሰው መጥቶ አየ። ራውሸንበርግ ሁለት ሰዎች ቴኒስ እንዲጫወቱ አደረገ። ራኬቶቹ እጀታ ውስጥ ማይክሮፎንና ትንሽ ሬዲዮ አስተላላፊ ተደብቋል። ኳሱ በተመታ ቁጥር አዳራሹ እንደ ደወል ያስተጋባል፣ አንድ መብራትም ይጠፋል። ጨዋታው እየጨለመ ጨለማው ሙሉ ሆነ። በዚያ ጨለማ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ሜዳው ገቡ፤ በዓይን አይታዩም፣ የኢንፍራሬድ ካሜራ ግን ይዟቸው ምስላቸው ሸራ ላይ ይታይ ነበር። ሰዎቹ ከተመልካቹ ጥቂት ሜትር ርቀው ቆመው በማሽን ዓይን ብቻ ይታያሉ።

ጆን ኬጅ በበኩሉ ቀድሞ የተቀዳ ድምፅ ጨርሶ አልተጠቀመም። ወደ ምግብ ቤት፣ ወደ ጋዜጣ ማተሚያ፣ ወደ ኤሌክትሪክ ኃይል ጣቢያ፣ ወደ ወፎች ማኖሪያ የስልክ መስመር ከፍቶ በዚያች ደቂቃ እዚያ የሚሆነውን ሁሉ አዳራሹ ውስጥ አፈሰሰው። ዳንሰኛዋ ሉሲንዳ ቻይልድስ ደግሞ ጆሮ በማይሰማው የ70 ሺህ ሄርዝ ሞገድ መካከል ባልዲዎች አወዛወዘች፤ ከሚንቀሳቀስ ነገር ተመትቶ የሚመለስ ሞገድ ድግግሞሹ ስለሚለወጥ፣ መሣሪያው ያንን ልዩነት ወደሚሰማ ድምፅ ቀየረው። እንቅስቃሴዋ ራሱ ዘፈነ። መሣሪያው አንዳንድ ምሽት እምቢ አለ፣ ሕዝቡ ረጅም ሰዓት ጠበቀ፣ ጋዜጦቹም ክፉኛ ተቹ። እኔ ግን ከብዙ እንከን የለሽ ኮንሰርት ይልቅ ያንን የተንገዳገደ ምሽት እመርጣለሁ፤ ከዚያ በኋላ መድረክ ላይ መሐንዲስ ማየት ነውር መሆኑ ቀርቷል።

ከእነዚህ ሁለት መልሶች ጥቂት ቀደም ብሎ ኤል-ዳብ የት ነበር? አዲስ አበባ። ከ1962 እስከ 1964 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ እያስተማረና የሀገሪቱን ሙዚቃ እያጠና ቆየ። ካይሮ ላይ በሽቦ የቀዳው ዛር መነሻ ወደሚባለው ሀገር መምጣቱ ነበር። በዘመኑ እጅግ የረቀቀው የድምፅ ስቱዲዮ ውስጥ የሠራ ሰው ለተማሪዎቹ ማሽን ያመጣል ብሎ የጠበቀ ቢኖር ተሳስቷል። በ1963 የመሠረተው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ነው፤ ክራር፣ መሰንቆ፣ ዋሽንት፣ በገና፣ እምቢልታ፣ ከበሮ፣ ከልዩ ልዩ ብሔረሰቦች የመጡ ተጫዋቾች በአንድ መድረክ።

ዛሬ በባህል ምሽቶች ይህን ዓይነት ስብስብ ስለለመድነው የዚያን ጊዜ ምን ያህል ደፋር ሙከራ እንደነበር እንዘነጋለን። አዝማሪ መሰንቆውን የሚቃኘው ለራሱ ጉሮሮ ነው። በገና የጸሎት ነው፤ ከጭፈራ ከበሮ ጋር አይቀመጥም። እምቢልታ ደግሞ እያንዳንዱ ነፊ የራሱን ድምፅ ብቻ እየሰጠ፣ እየተቀባበሉ ዜማውን የሚያበጁበት የጉባኤ መሣሪያ ነው። እነዚህን አንድ ላይ ማስቀመጥ ማለት በየቅኝታቸው መካከል ያለውን ልዩነት ሰምቶ፣ የቱን ማቀራረብና የቱን ባለበት መተው እንደሚገባ መወሰን ነው። ይህ የተጓዳኝ ድምፆችን ጠባይ በስቱዲዮ ውስጥ በጆሮው የመረመረ ሰው ሥራ ነበር። ካይሮ ላይ አካሉን ትቶ ድምፁን ወሰደ፤ አዲስ አበባ ላይ ድምፁን ከነተጫዋቹ፣ ከነልብሱ፣ ከነእስክስታው መድረክ ላይ አወጣ። እሱ ከሄደ በኋላ ቡድኑን ጆን ኮ፣ ቀጥሎም ተስፋዬ ለማ መሩት፤ በ1969 አሜሪካን ዞሮ ኤድ ሱሊቫን በሚያዘጋጀው የቴሌቪዥን ትርኢት ላይ እስከ መቅረብ ደረሰ።

ኤል-ዳብ በኋላ ኦሃዮ ውስጥ በኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት አስተማረ። በግንቦት 1970 በዚያው ግቢ የቬትናምን ጦርነት በተቃወሙ ተማሪዎች ላይ የብሔራዊ ዘብ ወታደሮች ተኩሰው አራት ሲገድሉ እሱ መምህር ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት ስለዚያ ቀን ኦፔራ ጻፈ። በ2017 በዘጠና ስድስት ዓመቱ አረፈ።

እሱ የከፈተውን መንገድ የኛዎቹም አልተዉትም። ሙላቱ አስታጥቄ በወጣትነታቸው ወደ ብሪታንያ የተላኩት ምህንድስና ሊያጠኑ ነበር። በ2007 እና በ2008 ሃርቫርድ ላይ በተመራማሪነት ሲቆዩ የሀገር ባህል መሣሪያዎችን የማዘመን ሥራ ሠሩ፤ ስለ ቅዱስ ያሬድ ከጻፉት ኦፔራም ከፊሉን አሰሙ። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ስለ አዲስ ዓይነት ክራር አሠራር አማክረዋል። ምህንድስና፣ ያሬድና መድረክ በአንድ ሰው ሥራ ውስጥ ይገኛሉ።

እናም አንባቢዬን አንድ ነገር ልለምን። ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ከማለፋችሁ በፊት የኤል-ዳብን የ1944 የሽቦ ቅጂ ፈልጋችሁ፣ በጥሩ ማዳመጫ፣ ከዳር እስከ ዳር ስሙት፤ ቀጥላችሁ በኢትዮጲክስ 23ኛ ቅጽ የታተመውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ስሙ። ሙዚቃ የምታስተምሩ ደግሞ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃን ታሪክ ለተማሪዎቻችሁ ስትከፍቱ ፓሪስን በሁለተኛው ሳምንት አድርጉት፤ የመጀመሪያው ሳምንት የካይሮ ነው።